የሦስተኛው ኩርባ አንጥረኛ

ጥቅምት 6

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የእህቴ ልጅ ናት። «አጎቴ፣ በየቀኑ የማሽኖቹን ሁኔታ ጻፍበት፤ ምን እንደፈታህ፣ ምን እንዳጠበቅህ፣ ምን እንደቀየርክ» አለችኝ። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል? ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሁሉንም በጭንቅላቴ ይዤ ኖሬ አሁን ጸሐፊ ልሁን? ወረቀቱ ግን ደስ ይላል። ማሽኖቹን ትቼ ስለ ራሴ ብጽፍበት ማን ይከሰኛል…

ጠዋት የሚዞሩትን ፈረሶች ግራሶ ቀባሁ። የነጩ ፈረስ ጆሮ እንደገና ወልቋል፤ በስቱኮ ሠራሁለት። ትንሽ ስለረዘመብኝ አሁን ጥንቸል ይመስላል። ለነገሩ ልጆች ጥንቸል አይጠሉም። ከዐሥሩ ተጋጪ መኪኖች የሚሄዱት አራት ናቸው፤ አራት መኪና በዚያ ሰፊ ሜዳ ለመጋጨት መጀመሪያ መፈላለግ አለበት። የሚሽከረከሩት ሲኒዎች ከአምና ጀምሮ ቆመዋል። አንዷ ውስጥ ድመት ወልዳ ማንንም ሳታስፈቅድ ትኖራለች።

ደህና ያለው ዘንዶው ብቻ ነው። ዘንዶ የምንለው ትልቁን ባቡር ነው፤ ስድስት ፉርጎ፣ በሰንሰለት ተጎትቶ ይወጣል፣ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ አምስት ኩርባ ታጥፎ ይመለሳል። ሰው የሚመጣው ለእሱ ነው። ከእሱም ለሦስተኛው ኩርባ። እዚያ ሲደርስ ከሥር «ቋ!» ይላል፤ ልጆቹ በአንድ ድምፅ «አንጥረኛው!» ብለው ይጮኻሉ። ከሐዲዱ ሥር አንድ አንጥረኛ ይኖራል፤ ባቡሩ እንቅልፍ ሲነሳው ተናዶ በመዶሻ ይመታል… ይባላል።

ማን ነው የሚለው? እኔ ነኝ ያልኩት።

ጥቅምት 8

ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበን። ግቢው በሙሉ ሊታደስ ነው። ከዓርብ ጀምሮ ለሕዝብ ይዘጋል፤ ሰኞ መሐንዲሶች መጥተው እያንዳንዱን መጫወቻ ይመረምራሉ። የሚድነው ይታደሳል፣ የማይድነው ተቆራርጦ ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። «ከመሐንዲሶቹ አንዷ ዘመድዎ ናት አሉ» አለኝ በሰው ፊት። «ኧረ እኔ ነኝ የእሷ ዘመድ» አልኩት። ሰው ሳቀ። እሱ አልሳቀም። ይኼ ሰውዬ ፊቱን ግራሶ ሊቀባ ይገባዋል።

እራት ላይ። የምኖረው እህቴ ቤት፣ ጓሮ ያለችው ክፍል ውስጥ ነው፤ የምበላው ግን ከእነሱ ጋር። የእህቴ ልጅ ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«አጎቴ፣ ሥራ ቦታ ላይ እርስዎ ነው የምልህ።»

«እኔስ ምን ልበልሽ?»

«መሐንዲስ።»

«መሐንዲስ ጉንዳን?»

ጉንዳን ያልኳት በአራት ዓመቷ ነው። ከመሣሪያ ሣጥኔ ብሎን አንድ በአንድ እየተሸከመች አልጋዋ ሥር ታከማች ነበር። እህቴ በማማሰያው ትከሻዬን አቀመሰችኝ። «ልጄን ሥራዋ ላይ እንዳታሳፍራት!»

«እኔ? መቼ አሳፍሬ አውቃለሁ?»

እናትና ልጅ ተያዩ። እኔ መብላቴን ቀጠልኩ።

ጥቅምት 10

ዛሬ አንድ ነገር አደረግሁ። ለማንም ስለማልናገረው እዚህ ልጻፈው።

ነገሩ የሃያ ሁለት ዓመት ነው። ትኬት ቆራጯ ከዘንዶው ፊት ለፊት ባለው መስኮት ተቀምጣ ትውል ነበር፤ አሁንም እዚያው ናት። እስከዚያ ድረስ አንድም ቀን ተሳፍራ አታውቅም ነበር። «ይኼ ደግሞ ምኑ ያስፈራል? ጋሪ ነው!» ትለኝ ነበር። ሰው እንዴት የሌላውን ባቡር ጋሪ ይላል? አንድ ቀን «እሺ፣ ከምሳ በኋላ እሳፈራለሁ። ትንፍሽ አልልም፤ ታያለህ» አለችኝ። እሷ ምሳዋን ስትበላ እኔ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ወጣሁ። ሐዲዱ ምሰሶው ላይ የሚያርፍበት ቦታ፣ ብሎኑን አላልቼ፣ መዳፍ የምታህል የብረት ላሜራ ከሥር ወሸቅሁ። አራት ሚሊ ውፍረት። ሐዲዱ እዚያ ጋ ትንሽ ቀና አለ፤ ጎማው ሲያልፍበት ይመታል።

ቋ!

ጩኸቷ ፈረሶቹን ሊያስበረግግ ምንም አልቀረው። ሦስት ቀን ዘጋችኝ። ላሜራዋን በማግሥቱ ላወጣት ነበር፤ እውነቴን ነው። በማግሥቱ ግን ሰልፉ እስከ ዋናው በር ደረሰ። «ቋ የሚለው የቱ ጋ ነው?» ይላሉ። አንድ ቀን ትቆይ አልኩ። ከዚያ አንድ ሳምንት… ከዚያ ሃያ ሁለት ዓመት።

መሐንዲስ እንዲህ ያለ ቀልድ አይገባውም። ስለዚህ ዛሬ በምሳ ሰዓት ወጥቼ አወጣኋት። በጨርቅ ጠቅልዬ መሣሪያ ሣጥኔ ሥር አስተኛኋት። ባቡሩን ባዶውን አንድ ዙር ነዳሁት። ሦስተኛው ኩርባ ላይ እስ… ብሎ አለፈ። ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ መሰለኝ።

ጥቅምት 13

መጡ። አራት ናቸው። አለቃቸው አጠር ያለ፣ ደረት ኪሱ ውስጥ ትንሽ መዶሻ የያዘ። ብረቱን መታ ያደርግና ጆሮውን ያስጠጋል። መታ… ዝም። መታ… ዝም። በሆዴ «ይኼ ሰውዬ የእኔ ቢጤ ነው» አልኩ። ባለ መዶሻው ብዬዋለሁ።

«የጥገና መዝገብ አላችሁ?» አለኝ።

«አለ እንጂ» ብዬ ጭንቅላቴን ነካሁ።

የእህቴ ልጅ ጉሮሮዋን ጠረገች። «በጽሑፍ ማለታቸው ነው፣ እርስዎ።»

እርስዎ! አፍንጫዋን የጠረግሁላት ልጅ። እኔም ቆብ አውልቄ፣ ወገቤን ሰበር አድርጌ፣ «ክብርት መሐንዲስ፣ በጽሑፍ የለም» አልኳት። ከንፈሯን ነከሰች። ሳቅ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ያቺን ከንፈር አውቃታለሁ።

ከሰዓት በኋላ ባቡሩን ባዶውን አስነዱኝ። እሷ ሦስተኛው ኩርባ ሥር ቆማለች። ባቡሩ እስ ብሎ አለፈ። ወደ እኔ መጣች።

«አንጥረኛው የት ሄደ?»

«ጡረታ ወጣ።»

ፈገግ አለች። ግን ቶሎ ዞር አላለችም። ትንሽ አየችኝ።

ጥቅምት 15

ምሰሶዎቹን ቀለማቸውን ፍቀው አራቆቷቸው። ከዚያ ቀይ ፈሳሽ ይቀባሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ነጭ ዱቄት ይነፋሉ። ብረቱ ደህና ከሆነ ነጭ እንደሆነ ይቀራል። ስንጥቅ ካለው ግን የተደበቀው ቀይ ዱቄቱ ላይ ብቅ ይላል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ቀደም ብዬ ባውቀው ኖሮ…

እስከ ዐሥራ ስድስተኛው ምሰሶ ድረስ ነጭ። ዐሥራ ሰባተኛው ላይ፣ ብየዳው አጠገብ፣ ቀጭን ቀይ መስመር። ዐሥራ ስምንተኛውም ላይ።

ዐሥራ ሰባትና ዐሥራ ስምንት የሦስተኛው ኩርባ ምሰሶዎች ናቸው።

ከዚያ በላይ ሳላይ ወደ ፈረሶቹ ሄድኩ። የጥንቸሉን ጆሮ ስቆርጥ ዋልኩ።

ጥቅምት 16

ባለ መዶሻው ለሥራ አስኪያጁ ሲያስረዳ ሰማሁ። «ጭነት የሚበዛበት ቁልቁለቱ ላይ ቢሆን ይገባኝ ነበር። እዚያ ግን ደህና ነው። ይኼ ኩርባ ምንም የሚያስጨንቀው ነገር የለም። ምክንያት የሌለው ስንጥቅ ማለት ብረቱ ራሱ አልቋል ማለት ነው። ዛሬ እዚህ ነው፤ ነገ የት እንደሚሆን አናውቅም።»

ምክንያት የሌለው… ምክንያቱ መሣሪያ ሣጥኔ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ላሜራዋን ባላወጣት ኖሮ መጥተው ያገኟት ነበር። ተናደው፣ አውጥተው ጥለው፣ ሁለት ምሰሶ ቀይረው ይሄዱ ነበር። እኔ ግን ምክንያቱን ሰርቄ ስንጥቁን ተውኩላቸው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች።

ደግሞስ ሌላው ነገር? በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ያንን ምሰሶ ቀለም የምቀባው እኔ ነኝ። በገዛ እጄ። ስንጥቁ ላይ እየቀባሁ… ሥሩ ቆሜ «ስሙ፣ ዛሬ ተቆጥቷል!» የምላቸው ልጆች ሁሉ በላዩ ላይ አልፈዋል።

ጥቅምት 17

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጥቅምት 19

ተወሰነ ማለት ይቻላል። ፈረሶቹ፣ መኪኖቹ፣ ሲኒዎቹ ይታደሳሉ። ዘንዶው ይፈርሳል። ማክሰኞ ሪፖርቱ ይፈረማል፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ የእህቴ ልጅ ናት።

እራት ላይ ምግቡን አልነካችውም። «እንደገና እንመርምረው አልኳቸው። ሌላ ናሙና እንውሰድ አልኩ። "ልጅነትሽ ነው የሚናገረው" አሉኝ።»

«ተይው በቃ፣ ብረት ነው» አለቻት እናቷ።

እኔ ዳቦ እቆርሳለሁ። አንድ ቁራሽ ለመቁረስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

«አጎቴ፣ ለምን መሐንዲስ እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«ብሎን ስለምትወጂ።»

«በአንጥረኛው ምክንያት ነው። በዘጠኝ ዓመቴ አንድ ቀን ዐሥራ አራት ጊዜ ተሳፈርኩ፤ ድምፁ ከፊት ጎማ ይሁን ከኋላ ለማወቅ። ከሐዲዱ ሥር ገብቼም አየሁ። አንተን ጠየቅሁህ። "አንጥረኛው ሴት ልጅ ሲያይ ይደበቃል" አልከኝ። በጣም ተናደድኩ። አንድ ቀን ራሴ አገኘዋለሁ አልኩ።» ሳህኗን ገፋ አደረገች። «ሳላገኘው ላፈርሰው ነው።»

ዳቦው ትን አለኝ። አሁን ልናገር አልኩ። አፌን ከፈትኩ። እህቴ «ውሃ ልስጥህ?» አለችኝ። ውሃ ጠጣሁ። በዚያው አለፈ።

ጥቅምት 20

ትኬት ቆራጯ ግቢው ቢዘጋም ትመጣለች፤ መስኮቷን ትወለውላለች። ስታየኝ እጇን አወዛወዘች።

«አንተ ካቻቪቴ፣ ና እስቲ። ፊትህ ምን ሆኗል?» ግቢው ውስጥ ሁሉም ጋሽ ካቻቪቴ ነው የሚለኝ፤ እሷ ጋሽውን ትታዋለች።

«ጥርሴን አሞኝ ነው።»

«ጥርስህን አይደለም። ላሜራህን ነው ያመመህ።»

እጄ ላይ የነበረው መፍቻ ወደቀ። እግሬን ሳተኝ፣ ተመስገን።

«ታውቂ ነበር?»

«ያኔ ከባቡሩ ስወርድ አንተ ከሥር ቆመህ ጉልበትህን እየደበደብክ ስትስቅ አየሁህ። ሰው በራሱ ሥራ ካልሆነ እንዲያ አይስቅም። ማታ ወደ ቤት ስሄድ ቀና ብዬ አየሁ፤ ገና ቀለም ስላልተቀባች ታብረቀርቃለች።»

«ታዲያ ሃያ ሁለት ዓመት ለምን ዝም አልሽ?»

«ሰልፉን ወደድኩታ። እኔም አለሁበት። ልጆቹ "አንጥረኛው ዛሬ አለ?" ሲሉኝ "አለ፣ አሁን ምሳውን በልቶ ገባ" እል ነበር።» ጨርቋን ጨመቀች። «ማሽን አላውቅም፤ የሚጎዳ አልመሰለኝም። አንተ ታውቃለህ ብዬ ነዋ።»

እኔ አውቃለሁ ብላ። እኔ ደግሞ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የማውቅ እየመሰለኝ…

«ብናገር ልጅቷ በሥራ ባልደረቦቿ ፊት ታፍርብኛለች» አልኳት።

«ባትናገርስ? ዘንዶው ይሞታል። እሷም በአንተ ምክንያት እውነት ያልሆነ ነገር ሥር ስሟን ታኖራለች። ስሟን ነው የምልህ! የቱ ይብሳል?»

መፍቻዬን አነሳሁ።

«ካቻቪቴ» አለችኝ ስሄድ። «ያኔም ጋሪ ነው፤ አሁንም ጋሪ ነው። ግን ደህና ጋሪ ነው።»

ጥቅምት 21

ተናገርኩ።

በሥራ አስኪያጁ ቢሮ። አራቱ መሐንዲሶች፣ ሥራ አስኪያጁ፣ ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ፣ እስክሪብቶው ከጎኑ። አንኳኩቼ ገባሁ። «ጥገና ከሆነ፣ በኋላ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ። ቀልድ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ያሰብኩት ጥሩ ቀልድ። በሩን ሳልፍ ጠፋብኝ። ላሜራዋን ከጨርቁ አውጥቼ ወረቀቱ ላይ አስቀመጥኳት።

«ይቺ ሐዲዱና ዐሥራ ሰባተኛው ምሰሶ መሃል ነበረች። ሃያ ሁለት ዓመት። የወሸቅኋት እኔ ነኝ። ያወጣኋት እኔ ነኝ፤ እናንተ ልትመጡ ሦስት ቀን ሲቀራችሁ።»

ባለ መዶሻው አነሳት። የጎማው ምት አንዱን ጫፍ እንደ ጥፍር አድርጎ አሳስቶታል። ገለበጣት፣ ለካት። «አራት ሚሊ» አለ ለራሱ። መዶሻውን አወጣና መታ አደረጋት። ጮኸች። ያንኑ ድምፅ፣ በትንሹ።

ቀና ብዬ የእህቴን ልጅ አየኋት። እስካሁን የማውቃቸው ፊቶቿ ውስጥ ያልነበረ ፊት።

«ስንት ጊዜ ጠየቅሁህ?» አለችኝ፤ በሁሉም ፊት። «ስንት ዓመት ጠየቅሁህ አንተን?»

ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች።

ሥራ አስኪያጁ መጮኽ ጀመረ። ልክ ነበር፤ አልመለስኩለትም። ባለ መዶሻው ግን እጄን ይዞ ወደ ኩርባው ወሰደኝ። ምሰሶው ሥር አቆመኝ። በጣቱ ቀዩን መስመር ዙሪያውን ተከተለ፤ ከፊት ጀምሮ፣ በጎን፣ ወደ ኋላ። ጫፍና ጫፉ ሊገናኙ ሁለት ጣት ይቀራቸዋል።

«አዩት?»

«አየሁት።»



ጥቅምት 22

ዛሬ ቤት ውስጥም እርስዎ አለችኝ።

ኅዳር 4

ውጤቱ መጣ። ምክንያቱ ከታወቀ ወዲህ ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ እንደገና መረመሩ፤ ናሙናም ላኩ። ከዐሥራ ሰባትና ከዐሥራ ስምንት በቀር ሁሉም ጤነኛ። ሁለቱ ምሰሶዎች ይቀየራሉ፣ ሐዲዱም በዚያ በኩል በአዲስ ይተካል። ዘንዶው ይኖራል።

የእኔ ውጤትም አብሮ መጣ። ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን አነበበልኝ። ከዛሬ ጀምሮ መፍቻ መያዝ፣ ማሽን ክፍል መግባት፣ ብሎን መንካት አልችልም። ግቢው ሲከፈት በር ላይ ቆሜ የልጆችን ቁመት እለካለሁ። የሚያባርረኝ መስሎኝ ነበር። ባለ መዶሻው ነው አሉ «ጭንቅላቱ ውስጥ ያለው መዝገብ ሳይገለበጥ አይሄድም» ያለው።

መሣሪያ ሣጥኔን አስረከብኩ። ከሥሩ ሦስት የጉንዳን ብሎኖች ወጡ፤ ያኔ አልጋዋ ሥር ያገኘኋቸው። እነሱን ኪሴ ከተትኩ። ብሎን መንካት በተከለከልኩ በአምስት ደቂቃዬ ሕግ ጣስኩ።

ላሜራዬስ? የሪፖርቱ አባሪ ሆናለች። ቁጥር ሰባት። በቤተሰባችን ቁጥር ወጥቶለት መዝገብ ቤት የገባ የመጀመሪያው እሷ ናት።

ኅዳር 12

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ከባለ መዶሻው ጋር እቀመጣለሁ። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እናገራለሁ፣ የእህቴ ልጅ ሳትሆን ሌላዋ መሐንዲስ ትጽፋለች። የሰንሰለቱ ሞተር ሲሞቅ ምን ይላል? ድመት ስታንኮራፋ ይመስላል። የጎማ ኩሽኔታ ሊያልቅ ሲል? ባዶ ቆርቆሮ ውስጥ ሽምብራ እንደማንከባለል። ጻፊው ይላታል። ትጽፈዋለች! ሽምብራ ብላ!

ዛሬ «ሌላ የደበቁት ነገር አለ?» አለኝ።

አሰብኩ። ሰባት ቁጥር መኪና መሪው ወደ ግራ ሲዞር ጥሩምባ እንዲነፋ አድርጌዋለሁ። የጥቁሩ ፈረስ ሆድ ውስጥ ቃጭል አለ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። ባለ መዶሻው ቃጭሉን አወዛውዞ፣ አዳምጦ፣ «ይኼ ማንንም አይጎዳም። ይቆይ። ግን ይመዝገብ» አለ።

ይመዝገብ! ለካ ችግሩ ቀልዱ አልነበረም፤ አለመጻፉ ነው። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ…

አዲሱን የዕለት መዝገብ አሳየኝ። ለእያንዳንዱ መጫወቻ አንድ ገጽ። አንድ ቦታ እንዲህ ይላል፦ «ያልተለመደ ድምፅ አለ? ምንጩስ ተጣርቷል?» ይህቺን መስመር ያስገባችው ማን እንደሆነች አልጠየቅሁም።

ታኅሣሥ 9

የፈረሶቹን ቀለም ሲልጡ ከዘጠኝ ቀለም ሥር የመጀመሪያው ወጣ። ነጩ ፈረስ ነጭ አልነበረም፤ ሰማያዊ ነበር። እኔ ራሴ ሳላውቀው። ሠላሳ አንድ ዓመት አብሬው ውዬ።

ድመቷና ልጆቿ ከሲኒው ወጥተው ወደ ትኬት ቆራጯ ክፍል ተዛወሩ። «ከአንተ ይሻላሉ፤ ዝም ይላሉ» አለችኝ።

አዲሶቹ ምሰሶዎች በክሬን ገቡ። ከአጥር ውጭ ቆሜ አየሁ። የእህቴ ልጅ ቢጫ ቆብ አድርጋ ትጮኻለች፦ «ወደ ግራ! ትንሽ! በቃ!» ክሬኑን የሚያህል ብረት በጣቷ ታሽከረክራለች። አጠገቤ ለቆመው በያጅ «የእህቴ ልጅ ናት» አልኩት። «አውቃለሁ፣ ሦስቴ ነግረውኛል» አለኝ።

ቤት ውስጥ እስካሁን ሰላምታ ብቻ። እንደምን አደሩ። እንደምን አመሹ። እህቴ «ይኼ ቤት ነው ወይስ ቀበሌ?» ትላለች።

ታኅሣሥ 21

ዛሬ ጠዋት የጓሮዋን ክፍል አንኳኳች። ገባች። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

ሦስቱን ብሎኖች ከኪሴ አውጥቼ መዳፏ ላይ አደረግሁ። አየቻቸው።

«የሰረቅሻቸው ናቸው» አልኳት። «ሃያ ስድስት ዓመት ዝም አልኩልሽ።»

አልሳቀችም። ግን ጣቷን ዘጋችባቸው።

«ያናደደኝ ላሜራዋ አይደለችም» አለች። «ያኔ ስጠይቅህ ብትነግረኝ ኖሮ… በዘጠኝ ዓመቴ ብሎን አላልቼ አወጣት ነበር።»

«ታወጫት ነበር።»

«ምሰሶው አይሰነጠቅም ነበር።»

«አይሰነጠቅም ነበር።»

ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ይህን ቃል ለእሷ ብዬው አላውቅም፤ ለማንም ብዬው እንደማውቅም አላስታውስም። እሺ እንደማለት ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ስትወጣ በሩ ላይ ዞር ብላ፣

«አጎቴ፣ ሻይ ቀዝቅዞብሃል» አለችኝ።

ሻዩ በረዶ ሆኖ ነበር። እስከ መጨረሻው ጠጣሁት።

የካቲት 2

የክብደት ሙከራ። በሰው ፈንታ አሸዋ የሞላ ጆንያ በየወንበሩ ያስሩና ባቡሩን መቶ ዙር ያዞሩታል። እኔ መንካት የተከለከልኩት ማሽን ነው፤ ስለ ጆንያ ደብዳቤው ምንም አይልም። የፊተኛው ወንበር ላይ ላለው ጆንያ የሥራ አስኪያጁን የመሰለ ክራቫትና የተኮሳተረ ቅንድብ በከሰል ሣልኩለት። ሰባ ሁለተኛው ዙር ላይ ሥራ አስኪያጁ መጣ። ባቡሩ በፊቱ አለፈ። ተመለከተ። እንደገና አለፈ።

«ማን ነው ይኼ?» አለ።

«ደፋር ሰው ነው» አልኩት። «ሰባ ሁለት ጊዜ ወርዶ አንድም ጊዜ አልጮኸም።»

ሳቀ! እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ጥርስ አለው።

ሦስተኛው ኩርባ መቶውንም ዙር ዝም።

የካቲት 23

ተከፈተ።

በር ላይ ነኝ፤ እጄ ላይ የቁመት መለኪያ ዱላ። ከዱላው በታች የሆነ አይሳፈርም። አንዷ ሕፃን በጣቶቿ ጫፍ ቆማ ልታታልለኝ ሞከረች። እኔን! «ተረከዝሽን አስተኚው፣ እኔም በዚሁ ሥራ ነው ያረጀሁት» አልኳት።

የመጀመሪያው ዙር ወጣ። ሰንሰለቱ አዲስ ነው፤ ድምፁ ለስላሳ። ወረደ፣ አንደኛ ኩርባ፣ ሁለተኛ… ሦስተኛው ላይ እስ ብሎ አለፈ። ማንም አልጮኸም። ልጆቹ አዲስ ናቸው፤ ምን ያውቃሉ? ይሁን አልኩ። ምሰሶው ሊበጠስ ሁለት ጣት ከሚቀረው ቋ ይልቅ ይህ ይሻላል። ሁለተኛውም ዙር ዝም።

ሦስተኛው ዙር ላይ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ተሳፈረች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ባቡሩ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ሲደርስ ብቻዋን፣ በሙሉ ድምፅ፣

«አንጥረኛው!»

ከዚያ ራሷ ደንግጣ ሳቀች። ልጇ ዞር ብሎ አያት። ሲወርዱ እየጎተተ ይጠይቃታል፤ «የቱ አንጥረኛ? የት አለ?» መልሰው ተሰለፉ። በሚቀጥለው ዙር እናትም ልጅም ጮኹ፤ ከኋላቸው ያሉት ሁለት ሰዎችም። ከቀትር በኋላ ባቡሩ ሙሉ ይጮኽ ነበር። ብረቱ ዝም ብሏል፤ ሰው ነው የሚጮኸው። እኔ እኮ ሃያ ሁለት ዓመት የምታስጮኸው ላሜራዬ ትመስለኝ ነበር…

ለመዝጋት ትንሽ ሲቀር ትኬት ቆራጯ መስኮቷን ዘግታ መጣች። ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ።

«ና፣ እንሳፈር።»

«ጋሪ ነው እኮ።»

«ጋሪም ቢሆን።»

የእህቴ ልጅ የደኅንነት ብረቱን ራሷ ዘጋችብን፤ ሁለቴ ነቀነቀችው። ወጣን። ከላይ ግቢው በሙሉ ይታያል፤ ሰማያዊው ፈረስ ይዞራል፣ መኪኖቹ ዐሥሩም ይጋጫሉ። ወረድን። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ዝምታውን ላዳምጥ ጆሮዬን አቀናሁ። አዲሱ ሐዲድ፣ አዲሱ ምሰሶ… ይኸው፣ አሁን…

ትኬት ቆራጯ ጆሮዬ ሥር ገብታ፣

«ቋ!!!»

ጮኽኩ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ግቢ ስኖር እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ስንወርድ ጉልበቷን እየደበደበች ትስቃለች፤ ሃያ ሁለት ዓመት ስትጠብቅ ኖራለች። የእህቴ ልጅ ከመቆጣጠሪያው ክፍል የሳቅ እንባዋን እየጠረገች ወጣች። መዝገቡን አቀበለችኝ። መሐንዲሶቹ የመረመሩትን በየዕለቱ የምጽፈው እኔ ነኝ፤ የበረኛው ሥራ ነው።

የዘንዶውን ገጽ ገለጥኩ። ፍሬን ደህና። ሰንሰለት ደህና። ምሰሶዎች ደህና። ያልተለመደ ድምፅ አለ? ሥራ ሥራ ነው፤ እውነቱን ጻፍኩ፦ «አዎ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ፣ አንድ ጊዜ። ምንጩ ተጣርቷል። እኔ ነኝ።»

የእህቴ ልጅ ሁለቴ አነበበችው። ከሥሩ ፈረመች።